ለሽበት የምትቆመው ቀይ መኪና

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ፣ አዲስ አበባ ላይ ምን እንደሚነግድ እስካሁን አጥርቶ ያልነገረኝ ሰውዬ፣ አዲስ መኪና ይዞ ደብረ ማርቆስ መጣና በሬ ላይ ጡሩንባ ነፋ። «ጋሼ፣ ይውጡና ይዩልኝ!» አለ። ወጣሁ። ነጭ ነው፤ እንደ ጎተራ የረዘመ፣ ለመሳፈር መሰላል የሚያሻው። ዘንድሮ ገንዘብ ያገኘ ሁሉ ጎተራ ነው የሚነዳው። በሩን ከፈተልኝ፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ ተሰቀልኩ፣ በሩን ዘጋብኝ። ያን ጊዜ ሽታው መጣ። ፀሐይ ያገኘው የቆዳ ወንበር ሽታ። እኔ ቆዳ ነጋዴ ነበርኩ፤ ቆዳን በየመልኩ አሽትቻለሁ፤ እርጥቡን፣ ጨው የበላውን፣ ግማቱ ከመንገድ ማዶ ሰው የሚያስነጥሰውን። ይህኛው ሽታ ግን ሌላ ነው። በዕድሜዬ ያሸተትኩት በአንድ መኪና ውስጥ ብቻ ነው፤ በገዛ ራሴ መኪና። ልጁ ስለ ካሜራዋና ስለ ኮምፒውተሯ ይለፈልፋል። «ምነው ዝም አሉ ጋሼ? አላማረችዎትም?» አለኝ። «ከፍ አለች» አልኩት። አልገባውም። ከየት ይግባው? መኪና ዝቅ በማለቷ አንድ አገር ተሰብስቦ የተሟገተበትን ዘመን አላየም።

ያ ዘመን ጥሩ ነበር የሚል ሰው ሲገጥመኝ «የማን ልጅ ነበርክ?» ብዬ እጠይቃለሁ። የባለ ርስት ልጅ ከሆነ እውነቱን ነው፤ ጥሩ ነበር። እኔ የጭሰኛ ልጅ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩትም ኋላ፣ ሽበታሙን ሁሉ ሰብስበው «ሀ በል» ባሉ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ያማረ ቃል የፈለገ አንባቢ ቅኔ ቤት ይሂድ። ግን አልዋሽም፤ አንዳንዱ ነገር ደስ ይል ነበር። ጃንሆይ በነበሩበት፣ ወደ መጨረሻው ግድም፣ ማርቆስ ከተማ ላይ አንድ ብር የያዘ ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ አዝማሪ ሸልሞ፣ ጫማውን አስጠርጎ ሳንቲም ይመለስለት ነበር። አሁን በሳንቲም የሚጠረግ ጫማ ቀርቶ ሳንቲሙ ራሱ ጠፍቷል። ጎረምሳው እንደ ቁርበት ምንጣፍ ከታች የሰፋ ሱሪ ለብሶ ጎፈሬውን አበጥሮ ይንጎራደዳል፤ ትልልቆቹ ሰዎች ደግሞ ተፈሪ ሱሪ፣ ካኪ ኮት፣ ከላይ ጥቁር በርኖስ። ገበያ ዳር ያለው የጠጅ ቤት ባለቤት ሬዲዮኑን መስኮት ላይ አስቀምጦ ወደ መንገዱ ያዞረዋል፤ ዘፈን የሚሰማ ሰው ዝናብ እየመታውም ቆሞ ይሰማል። ዝናቡ ብርድ ነው፣ ዘፈኑ ሙቀት ነው። እዚያ ማዕዘን ላይ ዛሬ ባንክ ቆሟል፤ ከፊቱ ባጃጆች እንደ ዝንብ ተኮልኩለዋል፣ ሬዲዮን የለም፣ የሚቆም ሰውም የለም።

እኔ በጣልያን ከባድ መኪና ረዳትነት ጀምሬ፣ ሾፌር ሆኜ፣ ኋላ የራሴን የጭነት መኪና ገዝቼ ቆዳ ነጋዴ ሆንኩ። ቆዳ ዋጋ ያወጣበት ጊዜ ነበር። ከደብረ ኤልያስ፣ ከይጁቤ፣ ከየገበያው እሰበስባለሁ፣ በደጀን አድርጌ ዓባይን አሻግሬ አዲስ አበባ አራግፋለሁ። ገንዘብ አገኘሁ። ክብር ግን አላገኘሁም። መንገድ ላይ ሳልፍ ነጠላ ወደ አፍንጫ ይሄዳል። «ፋቂው መጣ» ይላሉ፤ ፋቂ ማለት ቆዳ የሚያለፋ ሰው ነው፣ በእኛ አገር ግን ስድብ ነበር። እኔ ቆዳ አላለፋም፣ እሸጣለሁ እንጂ፤ ለሰዳቢ ግን ያው ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ትልቅ ሰው መሆኑ የሚታወቀው በበቅሎው ነበር፤ ሰጋር በቅሎ፣ የተጌጠ ኮርቻ፣ ከኋላ የሚከተል ሰው። እኔ እንዲያ አድርጌ ብወጣ «ከማን አባቱ ወርሶ ነው?» ብለው ይስቁብኛል። መኪና ግን ደንብ አልወጣለትም ብዬ አሰብኩ። እንደዚያ ነው ያሰብኩት፣ ቂል።

አዲስ አበባ ላይ አንድ መንገድ ሠሪ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሊመለስ ነውና የስፖርት መኪናውን ይሸጣል ሲሉ ሰማሁ። ካሴን ይዤ ሄድኩ። ካሴ ጓደኛዬ ነው፤ የማርቆስ ገበያ የበቅሎ ደላላ፣ በቅሎ ሲገዛ ጥርሷን አይቶ፣ ጆሮዋን ጎትቶ፣ ስንት ጌታ እንደቀየረች የሚነግርህ ሰው። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ቀይ፤ የበርበሬ ቀይ ሳይሆን አዲስ የታረደ በሬ ደም ቀይ። ከፍታዋ እስከ ወገቤ አይደርስም። ወንበሯ ሁለት ብቻ፣ እሱም ቆዳ፤ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ ቆዳ። እኔ በዚያው አለቀልኝ። ካሴ ግን ዞራት፣ ጎማዋን እንደ ሰኮና አንኳኳ፣ ከኋላዋ በደህና ርቀት ቆመ፤ ትራገጣለች ብሎ ይሆናል። ከዚያ «አፏን ይክፈትልኝ» አለ። ፈረንጁ የፊት ክዳኗን ከፈተ። ባዶ! ምንጣፍ የተነጠፈበት ባዶ ሣጥን። ካሴ እጄን ይዞ ጎተተኝ። «ና እንሂድ! አንጀት የላትም! ፈረንጁ ቀፎ ሊሸጥልህ ነው!» እኔም በሕይወቴ ሞተሩ ከኋላ የሆነ መኪና አላየሁም፤ ደሜ ፈላ፣ ልሳደብ አፌን ከፈትኩ። ፈረንጁ እየሳቀ ወደ ኋላ ዞሮ የኋላውን ከፈተና ሞተሩን አስነሳው። የሞተሩ ድምፅ ደረቴ ውስጥ ነው የተሰማኝ። ካሴ ጎንበስ ብሎ ትንሽ አየና «ልቧ ጅራቷ ስር ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «እንዲህ ዓይነት ፍጥረት ገዝቼም ሸጬም አላውቅም። ዋጋ አስቀንስ።» አስቀነስኩ። በዚያ ገንዘብ የአንድ ወረዳ በቅሎ ይገዛ ነበር፤ ካሴ እስኪሞት ድረስ ይህንን ሲነግረኝ ኖረ።

ዓባይ በረሃን ስንወርድ ካሴ በሁለት እጁ ወንበሩን ጨብጦ ዳዊት ይደግማል፤ ዳዊት ግን አያውቅም፣ የሚያውቃትን አንዲት መስመር ነው የሚመላልሳት። ዝንጀሮዎቹ እንኳ ከድንጋይ ላይ ተነስተው አዩን። ሽቅብ ወደ ደጀን ስንወጣ የጭነት መኪናዎቹ እያቃሰቱ፣ እያጨሱ፣ ረዳቶቹ ከጎማው ስር ድንጋይ እየወረወሩ ይዘልቃሉ፤ እኔ እንደ ውሻ በመካከላቸው ሹልክ እላለሁ። አንዱ ሾፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አንተ! ከመኪናዬ ስር ውጣ፣ ልጨፈልቅህ ነው!» ብሎ ጮኸ። የሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ አላወቀኝም። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ።

ማርቆስ ስገባ አገር ተሰበሰበ። እኔ የጠበቅኩት አድናቆት ነው። ያገኘሁት ግን ሐዘኔታ ነበር። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው በመስኮቱ አዩኝና «ምን አድርገህ ነው ልጄ እዚህ ውስጥ የከተቱህ?» አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። በእኛ አገር ክብር ከፍታ ነው። ጌታ ወደ ላይ ይወጣል፣ በቅሎ ላይ ሆኖ የሰዉን አናት ያያል። እኔ ያንን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ የሰዉን ጉልበት የማይበት ቦታ ገባሁ። ወደ መኪናዬ ስገባ እጎነበሳለሁ፣ ስወጣ በአራት እግሬ እድሃለሁ። በማግስቱ ጠጅ ቤት ስደርስ አዝማሪው መሲንቆውን ገዝግዞ፣

የሰው በቅሎ ጌታዋን በጀርባ አዘለችው፣
የደምሴ እንሽላሊት ሰውየውን ዋጠችው።

ብሎ ጀመረ። ደምሴ እኔ ነኝ። ጠጅ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ታላላቆቹ በፈረሳቸው ስም «አባ እገሌ» ይባሉ የለ? እኔም ከዚያን ቀን ወዲያ «አባ እንሽላሊት» ሆንኩ። ሳምንት አኮረፍኩ። ከዚያ አሰብኩበት፤ ከ«ፋቂው» ይሻላል። አዝማሪውን ጠርቼ ሸለምኩት።

የበለጠው ጣጣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የኔታ የሚባሉ፣ ግማሹን የከተማ ካህን ያስተማሩ ሽማግሌ ነበሩ። ጃንጥላቸውን ይዘው በመንገድ ዳር ሲሄዱ አልፌያቸው አቧራ አለበስኳቸው። ቆመው አዩኝ። እስኪመሽ ድረስ ወሬው ከተማውን ዞረ። ካሴ ቤቴ መጣ።

«ለየኔታ ሳትወርድ አልፈሃል አሉ።»

«መኪና ላይ ነበርኩ እኮ!»

«በቅሎ ላይ ብትሆን ትወርድ አልነበር? ትልቅ ሰው በእግሩ እየሄደ አንተ ተቀምጠህ ታልፋለህ?»

«በቅሎ ላይ የሚወረደው ከላይ ስለሆኑ ነው! እኔ ከታች ነኝ! ከእሳቸው ጫማ እኩል ነኝ!»

«ከታችም ሆነህ ተቀምጠሃል» አለ ካሴ። «ባለጌ ሀብታም ሆነህ ከምትቀር ውረድ።»

ወረድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽበት ባየሁ ቁጥር እቆማለሁ፣ ከዚያ ጉድጓድ ተስቤ እወጣለሁ፣ እጅ እነሳለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። በቅሎ ከሆነች ወርደህ፣ ተሳልመህ፣ ልጓሟን ይዘህ በእግርህ ታልፋለህ። መኪና ልጓም የላትም። ታዲያ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ወርጄ፣ ተሳልሜ፣ አጥሩ እስኪያልፍ በትከሻዬ እገፋታለሁ። በዚያ አገር ፈጣን ከተባለው ሁሉ የምትፈጥነውን መኪና፣ ካባ የለበሰ ባለቤቷ በትከሻው ይገፋታል። መንገደኛው እየሳቀ ያግዘኛል። ደጅ ሰላሙ ላይ ያሉት ለማኞች «ግፋ አባ እንሽላሊት!» ይላሉ። እነሱም ብር ስለምሰጣቸው እንጂ ፍቅር አይምሰላችሁ።

እስካሁን ያልነገርኳችሁ ለምን ይህን ሁሉ እንደቻልኩት ነው። ጥሩወርቅ የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ግራዝማች በላቸው፣ በደጀን መንገድ፣ ከከተማ በበቅሎ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ያለ አገር ባለ ርስት። እሷ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ መኪናዬን ዞረቻት። አንዴ ዞረች፣ ደገመች። መስኮቱ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ውስጡን አየች። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ነበር! እሷ ያየችው ግን መሪውን፣ ዳሽቦርዱን፣ የፍጥነቱን ቆጣሪ ነው፤ እኔን ስታይ እንደ ወንበሩ አካል ቆጥራኝ ሄደች። ሌላ ሰው ይህንን ስድብ ይለዋል። እኔ ግን አልኩ፤ ይህችን አገባለሁ። አገሬው ሁሉ በመኪናዬ ሲያዝንልኝ፣ የወደዳት እሷ ብቻ ነች።

ሽማግሌ ላክሁ። የሽማግሌ ደንብ ይታወቃል፤ ከልጅቷ አባት ደጅ ቆሞ «እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» ይላል፣ አባትየውም ሽማግሌ በደጁ ቆሞ እንዲውል ማድረግ ነውር ነውና በመጨረሻ ይረታል። «ተቀመጡ» ካለ ሰጥቷል ማለት ነው። ግራዝማች ግን ቀበሮ ናቸው። ነገሩን ቀድመው ሰምተው ሽማግሌዎቼን ከተማ ገበያ መካከል ጠበቋቸው። መቀመጫ በሌለበት ማን አንቀመጥም ይላል? «ቆዳ ነጋዴ ሴት ልጅ አይሰጠውም ብዬ አላሳፍራችሁም» አሏቸው፤ ሲሉም አሳፈሯቸው። «የእኔ ልጅ ከሰው በላይ ሆና እንጂ ከሰው እግር ስር ተኝታ አትሄድም። ያ ሰው ይሮጣል ይባላል አይደል? ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ከበቅሎዬ ቀድሞ ደጄ ይቁምና ይውሰዳት። ብቻ እንደ ጨዋ ልጅ ይምጣ፤ ለታቦት ወርዶ፣ ለሽበት ወርዶ። ካልቀደመ ስሟን አይጥራ።»

ሽማግሌዎቹ ይህን ሲነግሩኝ ሳቅሁ። በቅሎ! ካሴ አልሳቀም። «ቅዳሜ ከገበያ ነው ያሉት» አለ። «አስብበት።» አላሰብኩም። ደስታ ያሰከረው ሰው አያስብም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ከከተማው ዳር ካለው ኬላ ተነሳን። ግራዝማች ግራጫ ሰጋር በቅሎአቸው ላይ፣ በርኖሳቸው ወደ ኋላ እየተነፋ፣ ሳያዩኝ ሄዱ። እኔ ካሴን ከጎኔ አስቀምጬ፣ እጄን መሪው ላይ አድርጌ፣ ትንሽ ይራቁ ብዬ ሲጋራ ለኮስኩ። ጉራ ነበር። ሲጋራውን ጥዬ ስነሳ፣ የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ዓይኔ ተከፈተ። አገሩ ሁሉ ከገበያ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሰው፤ ሰዉም ሽማግሌ። የዓለም ሽማግሌ ሁሉ ያን ቀን ጨው ሊገዛ የወጣ ይመስል ነበር። ቆምኩ፣ ወረድኩ፣ እጅ ነሳሁ።

«እንዴት ዋልክ ልጄ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ከብቱ እንዴት ነው?» «ደህና ነው።» «ዝናቡ በእናንተ በኩል እንዴት ነው?» ከተማ ነው የምኖረው! «ደህና ነው አባባ።» «አባትህ ማን ነበር?» እሱም ይነገራል። ገባሁ። ሞተሩ ገና ሳይጮኽ ሌላ ሽበት። ወረድኩ። ጎጃም ውስጥ ሰላምታ አጭር አይደለም፤ ያን ቀን ደግሞ የግራዝማችን ውል ሁሉም ሰምቷል፤ ቀይዋ መኪና ለትልቅ ሰው እንደምትቆም ያወቀ ሁሉ ከመንገዱ ዳር እየወጣ፣ ነጠላውን እያስተካከለ፣ ደረቱን ነፍቶ ይጠብቀኛል። በዕድሜያቸው ማንም ወርዶላቸው የማያውቅ አሮጊቶች እንኳ ቅርጫታቸውን መሬት አስቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከነሱ ጋር ሳወራ፣ ቀድሜ የወረድኩላቸው በእግራቸው እየሄዱ አለፉኝ። ሞተሩን አስነስቼ ስከተላቸው ደረስኩባቸው። አሁን ምን ላድርግ? እነሱ በእግር፣ እኔ ተቀምጬ። እንደገና ወረድኩ። አንዱ ሽማግሌ ለሦስተኛ ጊዜ ስወርድላቸው በመቋሚያቸው አየሩን መቱ፤ «ኧረ ተወኝ ልጄ! ሰላም ሰልችቶኛል! ዝም ብለህ እለፍ!» አሉ። ካሴ «ማለፍ አይችልም አባባ፣ ሚስት ሊያገኝ ነው» አላቸው። «እንግዲያው በእግሩ ቢመጣ ይቀድም ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ግራዝማችን አንድ ጊዜ ብቻ በሩቅ አየኋቸው፤ በቅሎዋ ሽው እያለች፣ መንገደኛው ከፊታቸው ግራና ቀኝ እየተከፈለ፣ ሁሉም እጅ እየነሳቸው። ተንኮሉ ያን ጊዜ ገባኝ። እሳቸው የሚወርዱለት ሰው በመንገዱ ላይ የለም፤ እኔ የማልወርድለት የለም።

አንድ ቦታ ላይ፣ ከሰዉ ተነጥሎ በቦዩ ዳር የሚሄድ ሽማግሌ አየሁ። አባ ጥሩነህ ነው፤ ቆዳ የሚያለፋ፣ እውነተኛው ፋቂ። ከሰው ጋር አይሄድም፣ መንገድም አይጋፋም። ካሴ አየኝ። «ለእሱም?» አለ። «አሁን እንኳ ግራዝማች ላይ ልትደርስ ትችላለህ። ለሱ ማንም አይወርድም።» ቁጣ ነበር የያዘኝ፣ ጽድቅ አይምሰላችሁ። የተሰደብኩበትን ስም ሁሉ እሱ ነው ዕድሜውን ሙሉ የተሸከመው። ቆምኩ፣ ወረድኩ፣ ከሌሎቹ ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ። አባ ጥሩነህ ደነገጠ። ትከሻው ላይ ያለውን ቁርበት ጣለና «ምን አጠፋሁ ጌታዬ?» አለኝ። «ምንም። እንዴት ዋሉ?» አልኩት። ከብቱን አልጠየቀኝም። ብዙ ቆይቶ «ደህና ዋልኩ» አለ፤ ይህንን ሰው ጠይቆት እንደማያውቅ ከአመላለሱ ታውቃለህ።

ከዚያ ማርያም ቤተ ክርስቲያን መጣች፤ ሞተር አጠፋሁ፣ ገፋሁ። መንገዱ ትንሽ ዳገት ነው። ሽማግሌው፣ አሮጊቱ፣ ገበያተኛው ሁሉ፣ መንገዱ የራሱም ስለሆነ፣ በመኪናዋ ዙሪያ ሆኖ ገፋ። እየሳቀ፣ እየተሳደበ፣ እዚያው ደጅ ላይ የተቀላቀሉን የኔታ ከፊት በጃንጥላቸው መንገድ እያሳዩ። ከቤተ ክርስቲያኑ በኋላ መግባት አልቻልኩም። ዙሪያዬን ሁሉ ሽበት ነው፤ ብገባ ወዲያው መውረድ ነው። እንዲሁ መኪናዬን እየገፋን፣ ሰባና ሰማንያ የሞላቸው ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ሆነን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግራዝማች ደጅ ደረስን።

ግራዝማች በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። በቅሎዋ ከጀርባቸው ኮርቻዋ ወርዶ ሣር ትበላለች። ላብ እንኳ የላትም።

«ቀደምኩ» አሉ።

«ቀደሙ ግራዝማች» አልኩ። በሩ ውስጥ፣ ከእናቷ ኋላ፣ ጥሩወርቅ ስታይ አየኋት፤ ደግሞ መኪናዋን ነው የምታየው። ልመለስ ፊቴን አዞርኩ። ቅዳሜ ማታ፣ አቧራ ለብሼ፣ ተሸንፌ፣ ሚስት አጥቼ። ያኔ ከኋላዬ የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ግራዝማች፣ ደህና ዋሉ?»

«ደህና ዋልኩ የኔታ። ይግቡ፣ ይቀመጡ እንጂ።» ልማድ ነው፤ ሳያስቡት ነው ያሉት።

«አንቀመጥም» አሉ የኔታ።

ግራዝማች ፊታቸው ተለወጠ። «ምን ማለትዎ ነው? ውሉ ሩጫ ነው። እኔ ቀድሜያለሁ።»

«ቀድመዋል። በቅሎዎ ትክበር። ሩጫው ተፈጽሟል። አሁን የቆምነው ሽማግሌ ሆነን ነው። ለዚህ ሰው ልጅዎን ይስጡልን። እሺ ካልተባልን አንቀመጥም።»

«ማን ማን?»

የኔታ ጃንጥላቸውን ወደ ኋላ አመለከቱ። ግራዝማች ከወንበራቸው ተነሱና አዩ። እኔም ዞሬ አየሁ። ሜዳው በሰው ሞልቷል፤ ያን ቀን የወረድኩላቸው ሁሉ፤ ባለ መቋሚያው፣ ባለ ቅርጫቷ፣ ሰላም ሰልችቶኛል ያሉት። ማንም አልተቀመጠም። መቼም ለእኔ ፍቅር ብለው ብቻ ነው አልልም፤ ግማሾቹ ግራዝማች ቤት ጥሩ ጠላ እንዳለ ያውቃሉ። ግን ቆመዋል። የደከማቸው፣ ከቀትር ጀምሮ የሄዱ ሰዎች ቆመዋል።

ከውስጥ የግራዝማች ሚስት ድምፅ መጣ። «ኧረ አንተ ሰው! ይህን ሁሉ ሽማግሌ አቁመህ ልታድር ነው? መርገም ለልጄ ልታወርስ ነው?»

የግራዝማች ዓይን በሰዉ ላይ ሲዞር አጥሩ ጥግ ላይ ቆመ። አባ ጥሩነህ ቁርበቱን ታቅፎ፣ ከሁሉም ርቆ ቆሟል። «አንተም አልቀመጥም ትላለህ?» አሉት፤ ሊያፌዙ ነበር።

«እኔ ምን ቸገረኝ ጌታዬ» አለ አባ ጥሩነህ። «መቆም ልማዴ ነው። በዚህ ደጅ ተቀመጥ ተብዬ አላውቅም።»

ማንም አልሳቀም። በቅሎዋ ሣሯን ስታላምጥ ይሰማል። ግራዝማች ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ኩሩ ነበሩ እንጂ፣ ኩሩ ሰው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ያፍራል። በርኖሳቸውን ሰብስበው «ተቀመጡ» አሉ። ወደ አጥሩ ዞረውም፣ «አንተም ግባ። ተቀመጥ።»

እልልታው በቅሎዋን አስደነገጣት። አሮጊቶቹ እንደ ልጃገረድ ዘለሉ። ካሴ እኔን ትቶ የኔታን አቅፎ ሳመ። ጠላው በዚያች ማታ አለቀ፤ አባ ጥሩነህም ከየኔታ አጠገብ ተቀምጦ ጠጣ፣ በስተኋላ ዘፈነም፤ ድምፁ መጥፎ ነው።

አሁን ያች መኪና የለችም። ዘመን ሲገለበጥ ወሰዷት። ማን እንደወሰዳት አልጽፍም፤ የወሰዷትም ሰዎች መንዳት አልቻሉባትም፣ ገደል ሰደዷት። ለወንድሜ ልጅ ይህንን ስነግረው «ጋሼ፣ ታዲያ መቼ ነው በፍጥነት የነዷት?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። ያንን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ፣ በማርቆስ መንገድ ላይ ከወረድኩት የነዳሁት ያንሳል። ግን አንድ ቀን ነድቻታለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ሆነ። ደንቡ ሙሽራዋን ዋናው ሚዜ በበቅሎ አፈናጥጦ ይወስዳል ነው። ዋናው ሚዜ ካሴ ነው፤ ካሴ መኪና አይነዳም፤ ወንበሩ ደግሞ ሁለት። ረፋዱን ሙሉ ተከራከሩበት። በመጨረሻ ግራዝማች ራሳቸው «ካሴ በበቅሎዬ ይሂድ፣ ሙሽራይቱ ከባሏ ጋር ትግባ፣ ይህ ነገር ይለቅ!» አሉ። ካሴ ግራጫዋ ሰጋር ላይ ወጥቶ እንደ ደጃዝማች ሆነ። ጥሩወርቅ በካባ ተሸፋፍና፣ ፊቷ ሳይታይ፣ ጎንበስ ብላ ያለማንም እርዳታ ገባች። ሙሽራ አትናገርም፤ ቀና አትልም፤ ደንብ ነው። ከዚያች ቀን በፊትም አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

ወጣን። ጥቂት እንደሄድኩ አንድ ነገር ታወቀኝ። መንገዱ ባዶ ነው። ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ እስከሚቀጥለው አንድ ነፍስ የለም። ገበያ የለም፤ አገሩ ሁሉ፣ የኔታም፣ ባለ መቋሚያውም፣ አባ ጥሩነህም፣ ከኋላችን ግራዝማች ዳስ ውስጥ እየበላ ነው። የምወርድለት ሽበት በዓለም ላይ አልቀረም። እግሬን ትንሽ ጫን አደረግሁ። ሞተሩ ከጀርባችን አገሳ፣ ጠጠሩ ከስር እንደ በረዶ ተንጣጣ፣ ባሕር ዛፎቹ በግራና በቀኝ እየተጠጋጉ አጥር ሆኑ። ፈራሁ፤ ሙሽራዬ ትደነግጣለች ብዬ እግሬን ላነሳ አልኩ።

ያኔ ከካባው ስር እጅ ወጣ፤ መሸፈኛዋን ወደ ኋላ ገለበጠችው። ፀጉሯ ተበተነ። የፍጥነቱን ቆጣሪ አየች እንጂ እኔን አላየችም። ሚስቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጋገረችኝ ያን ጊዜ ነው።

«ጨምር!» አለች።

ጨመርኩ።